ከተማ ሊጎበኝ የወጣው ሙክት

ተረት ልጫንባችሁ ነው፤ «ጫንብን» በሉኝ። ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? ጠንከር አድርጉት እንጂ። እንዲህ!

እንስሳት ሲናገሩ ሰው በማይደነግጥበት በድሮ ጊዜ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ አንድ ሙክትና አንዲት አህያ ይኖሩ ነበር። ድሮ ስላችሁ የትራፊክ መብራት የነበረበት ድሮ ነው፤ አትነዝንዙኝ። የሙክቱ ሥራ መብላት ነበር። ጠዋት ክክ፣ ቀን ሣር፣ ማታ የጠላ አተላ። የአህዪት ሥራ መሸከም ነበር። ጠዋት ውሃ፣ ቀን እህል፣ ማታ እንጨት። ሆኖም ይዋደዱ ነበር፤ እሱ ያወራል፣ እሷ ታዳምጣለች።

አንድ ቀን አህዪት «አያ ሙክት» አለች። «አሥር ዓመት ሙሉ ከተማ ተመላልሼ ከጤፍ ጆንያ ሌላ ያየሁት ነገር የለም። አንገቴን ቀና ካደረግሁ ዱላ ነው። አንድ ቀን እንኳን ጭነት ሳይኖርብኝ ባየው ምን አለበት?»

«እንሂዳ!» አለ ሙክቱ።

«ሰዎቹ ቢበሉህስ?»

ሙክቱ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «እመት አህዪት፣ የት ነው የምትኖሪው? ሁለት ወር ሊሞላ ነው እዚህ ቤት ሥጋ አልገባም። ወተት እንኳን አልቀመሱም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፤ ጎመን፣ ምስር፣ ሽሮ። ሰው ሥጋ ትቷል፤ ተጸጽቷል!»

አህዪት አየሩን አሸተተች። እውነትም ሽሮ ሽሮ ይላል።

የስቅለት ዕለት ባለቤቶቻቸው ለስግደት ቤተ ክርስቲያን እንደሄዱ፣ ሁለቱ በአጥሩ ቀዳዳ ሹልክ ብለው ወጡ። አህዪት ባዶ ጆንያዋን ጀርባዋ ላይ ጣል አድርጋለች።

«ለሽርሽር ጆንያ? ምነው ባታሳፍሪኝ!» አላት።

«ያለ እሱ ራቁቴን የወጣሁ ይመስለኛል» አለች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከተማ ገቡ። ሰዉ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን የታደለውን ቄጤማ በራሱ ላይ አስሮ ይሄዳል። ሙክቱ በደስታ ዘለለ። «አየሽ! ሣር ይዘው ነው የሚዞሩት! ከእኛ ወገን ሆነዋል ብዬሽ የለ?» አህዪት ከአንዱ ሰውዬ ራስ ላይ ልትቀምስ ብትል ጥፊ ቀመሰች።

መጀመሪያ ያዩት የትራፊክ መብራት ነው። እግሩ አንድ፣ ዓይኑ ሦስት።

«ቁሙ!» አላቸው በቀይ ዓይኑ። ቆሙ። መብራቱ ራሱ ደነገጠ። «በሥራ ዘመኔ ስናገር የሰማችሁኝ እናንተ ብቻ ናችሁ» አለ።

በዚህ መሀል ዘንቢል የያዘች ሴትዮ መጣችና የሙክቱን ወገብ ጨበጥ ጨበጥ፣ ላቱን ከፍ ዝቅ አደረገች። «ውይ፣ ሲያስጎመጅ!» አለች። አህዪትን «ዞር በይ ወዲያ» አለቻት።

«ይሄን የመሰለ ፍቅር የት ይገኛል?» አለ ሙክቱ።

«ስማ፣ አንተ» አለ መብራቱ፣ «ዛሬ የምን ቅዳሜ እንደሆነ...» ሳይጨርስ አረንጓዴ በራበት። መኪኖቹ ጥሩንባቸውን ነፉ፤ ሁለቱም ሮጡ።

ቀጥለው የድንጋይ አንበሳ አዩ። ሙክቱ ከአህዪት ኋላ ተሸሸገ።

«ና፣ አትፍራ» አለው አንበሳው። «እኔ ጥርሴም ሆዴም ድንጋይ ነው። ይልቅ አጠገቤ ፎቶ የሚነሱትን ፍራ።»

ፎቶ የሚነሱት ግን ሙክቱን ሲያዩ እልል አሉ። አንዱ አቀፈው፣ አንዱ ወገቡን ጨበጥ ጨበጥ፣ አንዱ ላቱን ከፍ ዝቅ አደረገ። «አህያዋን ከፎቶው አውጧት!» አሉ። አህዪት ወጣች። ሆድ ባሳት። ከተማ ልይ ያለችው እሷ፣ የሚታየው እሱ!

«ምን ላድርግሽ» አላት ሙክቱ፣ «አምሬ ልፈጠር ብዬ አልለመንኩም።»

ሦስተኛ፣ መስታወት የለበሰ ረጅም ፎቅ አዩ። ሙክቱ መስታወቱ ውስጥ ክብ የሆነ፣ የሚያበራ፣ ደርባባ በግ አየ።

«ይሄ ጌታ ማነው?» አለ።

«አንተው ነህ» አለ ፎቁ። «ራስህን አይተህ ስትጨርስ ከኋላህ ያለውንም እይ።»

ሙክቱ ከኋላው በጎች አየ። በሰው ትከሻ ላይ በግ፣ በሞተር ሳይክል ላይ በግ፣ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አራት በግ!

«እመት አህዪት፣ እይ! እዚህ አገር ሰው በግ ይሸከማል! በመኪና እንኳን ሰው ከታች፣ በግ ከላይ ነው! እኔም እሳፈራለሁ!»

ከሚኒባሱ አንድ ወፍራም ሰውዬ ወረደ። ግራና ቀኝ አየ። «ባለቤት የለውም? እግዜር ሰጠኝ!» ብሎ ገመድ አወጣ። ሙክቱ በፈቃዱ የፊት እግሮቹን ዘረጋለት።

አህዪት ግን ወደ ጣሪያው እያየች ነበር። «አያ ሙክት፣ አትውጣ! እግራቸው ታስሯል።»

«እንዳይወድቁ ነዋ።»

«አሥር ዓመት ተሸክሜያለሁ፤ ሌላ ባላውቅ ይሄን አውቃለሁ። ተሳፋሪ አይታሰርም። የሚታሰረው ጭነት ነው።»

«ቅናት ነው! ማንም ወገብሽን ስላልዳበሰልሽ ነው!»

ይህ ቃል አህዪትን አመማት። ጥላው ልትሄድ ዞረች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ብሆን ሄጄ ነበር። እሷ ግን ሦስት እርምጃ ሄዳ አንጀቷ አልቆርጥ አለ። ተመለሰችና ወደ ጣሪያው ጮኸች። «እናንተ በጎች! ወዴት ናችሁ?»

«ወደ ድስት!» አሉ አራቱም። «ነገ ፋሲካ ነው!»

«ሥጋ... ትተው የለም እንዴ?» አለ ሙክቱ በቀጭን ድምፅ።

«ማን ተወ!» አለ አንዱ። «ሆዳቸውን ቦታ እያስለቀቁልን ነበር።»

ሙክቱ የዘረጋቸውን እግሮቹን ሰበሰበ። ሰውዬው ገመዱን ሊያጠልቅ ጎንበስ ሲል፣ አህዪት ዞር ብላ በኋላ እግሯ አንድ ጊዜ ብቻ አቀመሰችው። ገመዱን እንደጨበጠ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ተቀመጠ።

ሁለቱ ቅያስ ውስጥ ሮጠው ገቡ። አህዪት ተንበረከከች። «ጀርባዬ ላይ ተኛ» አለችው። ተኛ። ያንኑ ያሳፈረውን ጆንያ በጥርሷ ጎትታ አለበሰችው፤ ተነስታም በመጡበት ጎዳና በእርጋታ ተመለሰች።

ወፍራሙ ሰውዬ በግ እየፈለገ በአጠገባቸው ሮጠ፤ አላያቸውም። ፎቶ ተነሺዎቹ አላዩዋቸውም። ሴትዮዋም ከነዘንቢሏ አላየቻቸውም። የተጫነች አህያን ማን ያያል?

«የት ደረስን?» አለ ሙክቱ ከጆንያው ሥር።

«አንበሳው ጋ።»

«እኔ ጆንያ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

«እኔም አሥር ዓመት ያየሁት እሱኑ ነው» አለች።

ሙክቱ ከጆንያው ሥር አለቀሰ። ለራሱ አልነበረም፤ እሱ እንኳን ድኗል፤ ለእሷ ነበር።

መብራቱ ጋ ሲደርሱ «ቁሙ!» አላቸው። ቆሙ። «ያ በግ የት ሄደ? የምን ቅዳሜ እንደሆነ ልነግረው ነበር እኮ።»

«ደርሶታል» አለች አህዪት።

ቤት መመለስ አይታሰብም፤ እዚያም ፋሲካ ነው። ወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ሃምሳ ቀን ተደበቁ። የሐዋርያት ጾም ሲገባ ተመለሱ። ባለቤቱ የሙክቱን ወገብ ጨበጥ ጨበጥ፣ ላቱን ከፍ ዝቅ አደረገና «ኤጭ! ይሄ ደግሞ አጥንት ሆኖ ቀርቷል!» ብሎ ገፈተረው። ሙክቱ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ተደስቶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ክክ ሲቀርብለት ግማሹን ለአህዪት ያሳልፋል። ለፍቅር ነው ይላል። እሷ ለምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን ትበላለታለች።

እናንተም ወገባችሁን እየዳበሰ የሚያደንቃችሁ ሰው ሲገጥማችሁ፣ ከማመስገናችሁ በፊት ምሳ መብላቱን ጠይቁት። ተረቴን አራገፍኩ፤ አሁን እናንተ ተሸከሙት።