እሳት ያመለጠው ሰው

በሸምበቆ ዳር፣ ደኑ ወርዶ ከሐይቁ ጋር በሚገናኝበት አገር፣ እሳት ያመለጠው ሰው አይሸሽም፤ ባለበት ቆሞ «እሳቱ የእኔ ነው!» እያለ ይጮኻል። እንግዳ ሲሰማ ግራ ይገባዋል፤ በገዛ አፉ ራሱን የሚያስይዝ ምን ዓይነት ሞኝ ነው ይላል። ሽማግሌዎች ግን ነገሩ ከማር ቆራጩ ከቢያድግልኝ የመጣ ነው ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን ደን ያቃጠለ ሰው ከነቤተሰቡ ከአገር ይባረር ነበር። ቢያድግልኝም ጠንቃቃ ነበር፤ ግን አንድ የሚያዝያ ቀትር ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ ሲያጨስ፣ ከያዘው ኩበት ፍም ወደቀና ደረቁን ቅጠል ያዘው። ዘሎ ወረደ። ጎረቤቶቹ እዚያው ማዶ ጌሾ ሲቆርጡ ጨዋታቸው ይሰማዋል፤ አንድ ጊዜ ቢጮኽ ይደርሱለት ነበር። ሚስቱ ግን ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ነበረችና «ይዣት የት ልግባ?» ብሎ አፉን ዘጋ፤ በጋቢው ብቻውን ይደበድበው ጀመር። አይ ሰው! አሁን ይጠፋል፣ አሁን ይጠፋል ሲል ንፋስ ከሐይቁ ተነሣ፤ እሳቱም ከጫፍ ጫፍ እየዘለለ ላይኛውን መንደር በላ፣ መካከለኛውን በላ፣ ሕዝቡ ልጁን አዝሎ እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሳለም ታችኛው መንደር ዓይኑ እያየ ነደደ። እግራቸው የከዳቸው አዛውንት ሳይወጡ ቀሩ፤ የዳኛው የአባ እንየው እናት ከእነሱ አንዷ ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ዳሩ ላይ ሲቀመጡ፣ ቢያድግልኝ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ አባ እንየው እግር ላይ ወደቀ። «እኔ ነኝ» አለ። ሰዉ ሊዘነጣጥለው ተነሣ፤ አባ እንየው በእጃቸው አስቆሙት።

«ሲነሣ ምን ያህል ነበር?»

«ሁለት ሰው ቢረዳኝ የሚጠፋ ነበር፣ አባ።»

«ታዲያ ምነው፣ ልጄ፣ ሳትጠራን?»

«ፈራሁ።»

«እሳቱን?»

«እናንተን።»

አባ እንየው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ፤ ሕጉን ያጸኑት እሳቸው ነበሩና። ከዚያ ድንጋዩን ከትከሻው አወረዱለት፤ ከሐይቁም በቅል ቀድተው በእጃቸው አጠጡት። «ከእንግዲህ የጮኸ አይባረርም» አሉ ይባላል።

ዘንድሮ በመጋቢት ለአገሩ አዲስ የሆነች ሙሽራ እሳት አምልጧት ጮኻ ነበር። ከአንድ የጭድ ክምር በቀር የተቃጠለ የለም። እንደ ልማዱ ከሐይቁ በቅል ተቀድቶላት፣ አማቷ በእጃቸው አጠጧት።