አሥራ ሁለተኛው ፖስትካርድ

በሆሳዕና ከተማ አንድ ሰው ነበር፤ ከፖስታ ቤት ሥራ ጡረታ የወጣ ሰው። ጋሽ ኤርጊቾ ይሉታል።

ይህ ሰው የድሮ ፖስትካርድ ይሰበስብ ነበር። የአበባ አይደለም፣ የከተማም አይደለም። የአንድ ችሎት ሥዕል ብቻ። ያን ሁስ የሚባለው የቦሄሚያ፣ የዛሬዋ ቼክ አገር፣ ሰባኪ፣ ከዛሬ ስድስት መቶ ዓመት በፊት፣ በጳጳሳት ጉባኤ ፊት ለፍርድ ቆሞ። "ያስተማርኸውን ካድ" አሉት። አልካደም። በእሳት አቃጠሉት።

የመጀመሪያዋን ካርድ ጋሽ ኤርጊቾ ያገኛት አንዲት የሚስዮን ነርስ ወደ አገሯ ስትመለስ ትታለት በሄደችው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ በሄደ በመጣው እያስጠየቀ አሥራ አንድ አደረሳቸው። ሁሉንም መስታወት አስገብቶ ሳሎኑ ውስጥ ሰቀላቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይነሣና በጣቱ እያሳየ፣ "እኔ ያን ቀን እዚያ ብኖር ኖሮ ዝም አልልም ነበር!" ይላል።

ሚስቱ ከጓዳ ትሰማዋለች። "አንተማ! የጎረቤት ዶሮ ጎመንህን ስትጨርሰው አፍረህ ዝም ያልክ ሰውዬ!"

ጋሽ ኤርጊቾ የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊም ነው። ደንቡን ታውቁታላችሁ። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ስም ይጠራል፤ "አለሁ" ላለ ምልክት ይደረግለታል። ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዛል። የተሰረዘ ሰው ቤት ሞት ሲገባ ዕድሩ አይወጣም።

አንድ ቀን ወደ ቀብር ሲሄድ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ከአዲስ አበባ የተላከለትን ፖስታ ሰጠው። አሥራ ሁለተኛው ካርድ! ቤቱ እስኪደርስ እንዴት ይታገሥ? መዝገቡ ላይ አስቀምጦ በአንድ ዓይኑ ካርዱን እያየ ስም በቃሉ ጠራ። መስታወት እስኪሠራለትም እንዳይታጠፍበት በዚያው ገጽ መሐል ተወው።

በሳምንቱ እሑድ ዕድሩ ተሰበሰበ። ጉዳዩ የወይዘሮ ታደለች ነው። ባሏ አቶ ላምቦሬ አልጋ ላይ ከዋለ ሁለት ዓመቱ። የእርሷን መስመር ብቻ አይቶ ሦስት ጊዜ ቀርታለች ብሎ ያሳወቀው ጸሐፊው ነው።

"ሁለቱን ቀርቻለሁ፤ ላምቦሬን ጥዬ መውጣት አቅቶኝ ነው" አለች። "በሦስተኛው ግን፣ ባለፈው ቀብር፣ ነበርኩ። ከኋላ ቆሜ 'አለሁ' ብያለሁ። ዛሬ ብትሰርዙኝ እሱን ማን ይቀብርልኛል?"

"እህቴ፣ ሁሉም ነበርኩ ይላል" አለ ሊቀመንበሩ አቶ ቶማስ። "ጋሽ ኤርጊቾ፣ መዝገቡ ምን ይላል?"

ጋሽ ኤርጊቾ መዝገቡን ገለጠ። ካርዱን አነሣ። ከካርዱ ሥር ሁለት ስሞች ነበሩ። ታደለች፤ ባዶ። ቶማስ፤ ባዶ። ያን ቀን ቃሬዛ የተሸከመው ቶማስ!

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲጽፍ አንድ ስሕተት የተገኘበት ሰው አይደለም። "ባዶ ነው" ብሎ ቢቀመጥስ? ባዶ መሆኑ ውሸት አይደለም! ዓይኑን ለማሸሽ ካርዱን አየ። ሁልጊዜ የሚያየው መሐል ላይ የቆመውን ሰባኪ ነበር። አሁን ግን ከሥር ጥግ ላይ፣ ጠረጴዛ አጠገብ፣ አንድ ሰው አየ። ጳጳስ አይደለም፣ ወታደርም አይደለም። አንገቱን ደፍቶ የሚጽፍ ጸሐፊ ነው።

"ምነው ጋሼ? ምን ይላል?"

ተነሣ። "ባዶ ነው። ያንተም ባዶ ነው፣ ቶማስ።"

"የኔ? ትከሻዬ እስኪላጥ ተሸክሜ?" ሰው ሁሉ ሳቀ።

እርሱ ግን አልሳቀም። ካርዱን ከፍ አድርጎ አሳየ። "ስማችሁን በቃሌ ስጠራ ዓይኔ እዚህ ላይ ነበር። ከሥሩ ያሉትን ሸፍኖብኝ ምልክት ሳላደርግ አልፌአለሁ። ታደለች አልቀረችም። ያን ቀን የቀረሁት እኔ ነኝ።"

ታደለች አልተሰረዘችም። እርሱ ግን መዝገቡን የዚያኑ ዕለት ለሌላ አስረከበ። እርሷም "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እንግዲህ ልሂድ፤ ላምቦሬ ብቻውን ነው" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ዛሬ አሥራ ሁለተኛዋም ካርድ ተሰቅላለች። እንግዳ ሲመጣ ጋሽ ኤርጊቾ "ብኖር ኖሮ" ማለቱን ትቷል። ጥጉ ላይ ያለውን ጸሐፊ በጣቱ ያሳያል።

እናንተስ፣ ልጆቼ? በእሳት ፊት የቆሙትን ስንወድ! ስንዘምርላቸው! ግን ከእናንተ መካከል እሳት የነደደበት ማን ነው? እኛን የሚጠይቁን "መዝገቡ ምን ይላል?" ብለው ነው። በቀበሌ፣ በመሥሪያ ቤት፣ በዕድር፣ በዚችው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ስብሰባም። ስንት ሰው በእኛ ዝምታ ተሰርዟል? ውሸት ሳንናገር፣ አንገታችንን ብቻ ደፍተን?

አልቆጣችሁም፤ እኔም ደፍቼ አውቃለሁ። ብቻ ዛሬ ከሰዓት ስብሰባ ያላችሁ፣ ነገ ብዕር የምትይዙ፣ ገጹ ላይ ያስቀመጣችሁትን አንሡት፤ የምትወዱትም ቢሆን፣ መንፈሳዊ ቢሆንም። ከሥሩ አንዲት ሴት "አለሁ" እያለች ነው። ቀና ብላችሁ እዩአት።