ሳያጠፋ ይቅር የተባለው ተማሪ

አንድ ለሁለተኛ ዲግሪው የሚማር ወጣት ነበር፤ ስሙ ደምለው ይባላል። የቆላ ገበሬዎች ማሽላቸውን መሬት ውስጥ በቆፈሩት ጉድጓድ እንዴት እንደሚያስቀምጡ፣ ነቀዝና እርጥበትም ምን ያህሉን እንደሚያበላሽባቸው ሲያጠና ከርሟል። ፊቱ በፀሐይ ከስሏል፣ እግሩ ተላልጧል። ጽሑፉን ጨርሶ ለአማካሪው ሲያስረክብ የቀረው ነገር ቢኖር በመምህራን ፊት ቀርቦ ሥራውን ማስረዳትና መመረቅ ብቻ ነበር። እናቱማ ለምርቃቱ የሚታረደውን በግ ሳይቀር መርጠው አስረዋል።

አማካሪው ዶክተር ልሳነወርቅ ይባላሉ። ጠንቃቃ፣ የተከበሩና ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው ናቸው። ቢሯቸው ሲያስጠሩት ደምለው ሊመሰገን መስሎት ደረጃውን በሩጫ ወጣ። እሳቸው ግን እንዲቀመጥ እንኳ ሳይነግሩት ጽሑፉን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ ገፉት።

«ይህ ጥናት አይደለም፤ ቤት ተቀምጦ የተፈጠረ ነው» አሉት። «የቆላ ገበሬ የእህል ጉድጓዱን ለባዕድ አይከፍትም። አንተ ደግሞ የመንደሩን ሁሉ ጉድጓድ ወርጄ ለካሁ ትለኛለህ።»

ደምለው መልስ ነበረው፤ ግን ንዴት ቀደመው። ያን ሁሉ ቁልቁለትና ዳገት ያስታውሳል። ውሸታም ተባለ። ከዚያ ሁሉ መልስ ይልቅ ከአፉ የወጣው «እርስዎ ገበሬ የሚያውቁት በመጽሐፍ ነው!» የሚል ቃል ሆነ፤ በሩንም በኃይል ወርውሮት ወጣ። በኮሪደሩ የነበረ ሁሉ ሰማ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ቃሉን መልሶ ሊይዘው አልቻለም።

እንግዲህ በዚያች ቢሮ ውስጥ የሆነው ነገር ሁለት ነው። መምህሩ ተማሪውን ያለ ማስረጃ ዋሸህ አሉት፤ ተማሪውም መምህሩን ተዳፈረ። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው። ደምለው ግን ሁለቱን በአንድ ቋጠሮ ቋጥሮ ተሸክሞ ሄደ፤ ጣጣውም የመጣው ከዚህ ነው።

አብራው የምትማር ስንዱ የምትባል ልጅ ነገሩን ሰምታ ፈልጋ አገኘችው። መጀመሪያ ሄዶ ራሳቸውን በእርጋታ እንዲያነጋግር፣ ካልተግባቡ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ እንዲያመለክት፣ እዚያም ካልተፈታ የድኅረ ምረቃ ኮሚቴ እንዳለ ነገረችው። ደንቡ ለሁሉም የጊዜ ገደብ እንዳለው፣ ያ ጊዜ ካለፈ ደግሞ የሚሰማው ሰው እንደማያገኝ አስጠነቀቀችው።

«መምህሬን ልክሰስ?» አላት ደንግጦ።

«መክሰስ ማን አለህ? ጠይቃቸው ነው ያልኩህ።»

ምክሯ አልገባውም። መምህርን መክሰስ አባትን እንደ መክሰስ ነው ተብሎ ነው ያደገው። ስለዚህ በእኛ አገር ሰው የተጣላ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፤ አጎቱን ጋሽ ይርዳውን ሽማግሌ ሁኑልኝ አላቸው። ጋሽ ይርዳው በአካባቢው ዕርቅ የሚባል ነገር ያለ እሳቸው አይወርድም፤ ባልና ሚስት፣ ድንበርተኛና ድንበርተኛ ያስታረቁ ሰው ናቸው። መምህሩ እንደተቆጡ ሲሰሙ ሌላ ነገር መስማት አላስፈለጋቸውም። ታናሽ ከታላቁ ጋር ሲጣላ ማን ይቅርታ እንደሚጠይቅ የታወቀ ነው፤ ጥፋቱ የማን ነው ብሎ መመርመር እንደ ነገር መቆስቆስ ይቆጠራል። ሁለት ሽማግሌዎች ጨምረው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ዶክተር ልሳነወርቅ ቤት ሄዱ።

ደምለው አንገቱን ደፍቶ በር ላይ ቆመ። ጋሽ ይርዳው ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ልጅ ነው አጥፍቷል፣ ልጅ ያጠፋል ታላቅ ይምራል፣ ስለ ሽበታችን ይማሩልን እያሉ ለመኑ። ዶክተሩ መጀመሪያ ፊታቸውን አጠቆሩ፤ ቆየት ብለው ግን ልባቸው ራራ። «ጥፋቱን ካመነማ ምን እላለሁ፤ ስለ እናንተ ስል ይቅር ብዬዋለሁ» አሉ። ደምለው ጉልበታቸውን ሳመ፤ ሽማግሌዎቹም መረቁት፤ ሁሉም ተነሥተው ወጡ። በዚያ ቀን እንደ እሱ ቀለል ያለው ሰው አልነበረም። ነገሩ አለቀ፣ ጽሑፉም አለፈ ብሎ ለእናቱ ደወለላቸው።

በሳምንቱ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ጸዳለ አስጠሩት። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ የነበረው ሐዘኔታ ነው፤ እሱ ደግሞ ከቁጣው ይልቅ አስፈራው። መረጃ ፈጥሮ መጻፉን በሽማግሌ ፊት ስላመነ፣ አማካሪውም ይቅርታ ስላደረጉለት ከትምህርቱ እንደማይባረር ነገሩት። ጽሑፉ ግን ውድቅ ሆኗል፤ በሌላ ርዕስ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ጥፋቱም በማኅደሩ ይቀመጣል።

ደምለው ወንበሩን ያዘ። «እኔ እኮ አልፈጠርኩም» አለ።

«ታዲያ ላልሠራኸው ለምን ይቅርታ ጠየቅህ?»

ይቅርታ የጠየቀው ስለ በሩ፣ ስለ ጩኸቱ፣ ስለ ድፍረቱ እንደሆነ አሁን ገና ለደምለው ተገለጠለት፤ ለእሳቸውም ይህንኑ ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ «አጥፍቷል» ሲሉ እሱ ምላሱን አሰበ፤ መምህሩ ጽሑፉን አሰቡ። ሁሉም ስለ አንድ ነገር ያወሩ መስሏቸው ታርቀው ተለያዩ።

«ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነው» አሉት ዶክተር ጸዳለ። «አቤቱታህን ጻፍ። ግን የቀረህ ጊዜ እስከ ዓርብ ነው፤ መምህርህም የራስህን ሽማግሌዎች ምስክር አድርገው ነው የሚቆጥሩብህ።»

በዚያው ቀን አጎቱ ዘንድ ሄደ። ጋሽ ይርዳው ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸው ተለዋወጠ። የታሰረ ዕርቅ ሊፈርስ፣ እሳቸውም በሽበታቸው በሰው ደጅ ዋሹ ሊባሉ ነው። «ታግሠህ ሌላ ጻፍ» አሉት። «ዝም አይነቅዝም። ዕርቅ ያፈረሰ ልጅ ግን ሁለተኛ ሽማግሌ የሚሆነው አያገኝም፤ እኔም ብሆን ደጄን አትረግጣት።»

ደምለው ፈራ። በአንድ በኩል የዓመታት ሥራውና ስሙ አለ፤ በሌላ በኩል አባት ሆነው ያሳደጉት ሰው። ስለ ነቀዝ ያወቀው ነገር ግን ነበር። የተበላሸ እህል ክዳኑን ስላጠበቁበት አይድንም፤ ጉድጓዱ ሳይከፈት በቆየ ቁጥር ጥፋቱ ይብሳል።

«ጋሼ» አለ በቀስታ፣ «በዚያ ቀን ምን አጠፋ ብለው ነው የለመኑልኝ?»

ያን ሁሉ ሰው ሲያስታርቁ የኖሩት ጋሽ ይርዳው ይህን ልጅ አንድም ጊዜ «ምን ሆነህ ነው?» ብለው አልጠየቁትም። ሂድም አትሂድም አላሉትም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሱም እያለቀሰ ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት አቤቱታውን ጽፎ ከማስገባቱ በፊት የዶክተር ልሳነወርቅን በር አንኳኳ። ድምፁን አላነሣም። ስለ ድፍረቱ የጠየቀው ይቅርታ ከልቡ እንደሆነ፣ ዛሬም እንደሚደግመው ነገራቸው። ስለ ጽሑፉ ግን ይቅርታ እንዳልጠየቀ፣ ወደፊትም እንደማይጠይቅ፣ ለትምህርት ክፍሉ ሊያመለክት እንደሆነና ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእሱ አንደበት ይስሙ ብሎ እንደመጣ አስረዳ።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጉልበቴን ስመህ ሄደህ ዛሬ ልትከሰኝ መጣህ» አሉ። ደምለው ያን ጊዜ ሮጦ ቢወጣ ደስ ባለው ነበር፤ ግን አልወጣም።

«አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁኝ» አለ። «ጉድጓዱን እንዴት ከፈቱልህ? ብለው ይጠይቁኝ።»

ዶክተሩም፣ ለመሸነፍ ሳይሆን ነገሩን ለመጨረስ ያህል፣ «እሺ፤ እንዴት ከፈቱልህ?» አሉት።

እሱም ነገራቸው። መጀመሪያ ሁሉም እንዳባረሩት፣ የሚሄድበት ሲያጣ ከደቦው ገብቶ ማሽላ ማጨድ እንደጀመረ፣ አጨዳ ስለማይችል መሳቂያ እንደሆነ፣ በመኸሩ ማብቂያ አብሯቸው እህል ተሸክሞ ሲያስገባ ጉድጓዱን እንዳየ፣ ከዚያ ወዲያ የሚደብቁት ነገር እንዳልነበራቸው አንድ በአንድ አወራላቸው።

«ይህ ጽሑፉ ውስጥ የለም» አሉ።

«ማጨድ ለጥናት የሚሆን አልመሰለኝም።»

ዶክተሩ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። «አቤቱታህን አስገባ፤ ኮሚቴው ያጣራው» ብለው አሰናበቱት። ደምለው ከዚያች ቢሮ በሩን በቀስታ ዘግቶ ወጣ፤ አቤቱታውንም አስገባ። ውጤቱን ሲጠብቅ እህል አልበላም ማለት ይቀላል፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ዘሎ ያነሣው ነበር።

ኮሚቴው ሁለቱንም ካነጋገረ በኋላ ሰው ሄዶ በቦታው ያረጋግጥ አለ። ዶክተር ልሳነወርቅ እኔም እሄዳለሁ አሉ። ከኮሚቴው ከተላከች መምህርትና ከደምለው ጋር ቁልቁለቱን ወርደው መንደሩ ሲደርሱ ማንም ምንም ከመናገሩ በፊት ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ከማሳቸው ቀና ብለው አዩዋቸው፤ ወደ ደምለውም እጃቸውን ዘርግተው ሳቁ።

«ያ ማጭድ የማያውቀው! ደግሞ መጣህ? ዘንድሮስ እጅህን እንዳትቆርጥ» አሉት።

ከኮሚቴው የተላከችው መምህርት ፈገግ አለች። ዶክተር ልሳነወርቅ ግን መሬት መሬት ያዩ ነበር። አቶ ይመር የእንግዶቹን ማንነት ከጠየቁ በኋላ ጭድና አፈሩን ገልጠው ጉድጓዳቸውን አሳዩአቸው፤ የደምለው ልክም ትክክል ሆኖ ተገኘ።

ዳገቱን ሲመለሱ ዶክተሩ ወደ ኋላ ቀረት ብለው ከደምለው ጋር እኩል መራመድ ጀመሩ። እሳቸውም ወጣት ሳሉ ለዚሁ ጥናት ቆላ ወርደው ገበሬ ሁሉ ጉድጓዱን እንደከለከላቸው፣ አዝነው እንደተመለሱ፣ ለእሳቸው ያልተከፈተ ለማንም እንደማይከፈት አምነው እንደኖሩ ነገሩት። ከዚያም ቆሙ።

«አሁን የበደልኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌ ልላክብህ ወይስ ራሴ ልናገር?»

የደምለው ዓይን እንባ አቀረረ። «አሁን ራስዎ ተናገሩት እኮ» አለ።

ጽሑፉ ግን እንዲሁ አላለፈም። የአጨዳው ነገር አንድ ምዕራፍ ሆኖ እንዲገባበት ተመለሰ፤ ደምለውም ጽፎት ተመረቀ፤ ጥፋት የተባለውም ከማኅደሩ ተሰረዘ። ይቅርታው ለድፍረቱ ስለነበር ዕርቁ አልፈረሰም፤ ጋሽ ይርዳውም ይህን ሲሰሙ ልጁን ደጃቸው ድረስ ወጥተው ተቀበሉት። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ሁኑልኝ የሚላቸው ሰው ሲመጣ ጋቢያቸውን ከማንሣታቸው በፊት «ለመሆኑ ምን አደረግህ?» ይላሉ አሉ።

ትምህርቱ ይህ ነው። ላጠፋነው ይቅርታ እንጠይቅ፤ ለተበደልነው ደግሞ ጥያቄ እናቅርብ፤ ሁለቱን አንድ ላይ የቋጠረ ሰው በገዛ ራሱ ላይ ይፈርዳል። ጥያቄውም መጀመሪያ ለባለቤቱ፣ ፊት ለፊት፣ በለዘበ ቃል ይቅረብ፤ ካልተፈታ ደንቡ ወደሚያሳየው ደጅ፣ ጊዜው ሳያልፍ ይሂድ። ሽማግሌ ሰውን ከሰው ያስታርቃል፤ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ግን ሊመልስልን አይችልም።

እርስዎስ፣ ሰላም ይሁን ብለው ላላጠፉት ይቅርታ የጠየቁበት፣ መጠየቅ የነበረብዎትን ደግሞ ከድነው የተዉበት ጉድጓድ የለዎትም?