ከመብላቱ በፊት ፎቶ ያነሣው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ሰዎች ከተራራው አናት ላይ የኔትወርክ ማማ ተክለው በሄዱ በዓመቱ፣ በዱሩ ውስጥ ስልክ ያልያዘ አውሬ ጠፋ። ዝንጀሮው ስልክ ነበረው፤ ጃርቱም ነበረው፤ ኤሊዋ እንኳ ከድንጋይ ልብሷ ሥር ሸጉጣ ትዞር ነበር። እንደ አያ ጅቦ ግን ስልክ የወደደ አልነበረም።

አያ ጅቦ ድሮ የሚታወቀው በሆዱ ነው። ሥጋ የሚል ወሬ ከሰማ ሁለት ተራራ አቋርጦ ይደርሳል፤ ከደረሰም አጥንት አያስተርፍም። ስልክ ከያዘ ወዲህ ሌላ ዓይነት ረኃብ ያዘው። ገና ሲነጋ ከአጋም ሸለቆ በላይ ወዳለችው ጉብታ ይወጣል፤ ኔትወርኩ ደህና የሚይዘው እዚያ ነው። እዚያ ተጋድሞ ሌሎች ጅቦች ሥጋ ሲበሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ያያል። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይመጣል፤ ያኛው ሳያልቅ ደግሞ ሦስተኛው። ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ፀሐይዋ አናቱ ላይ ትደርሳለች፣ ታዘቀዝቃለች። በመካከል የራሱን ፎቶ ያነሣና «ዛሬም አጋም ሸለቆ ነኝ፤ እናንተስ የት ናችሁ?» ብሎ ይለጥፋል። አምስት ላይክ ካገኘ የጠገበ ይመስለዋል።

ያ ዓመት ደግሞ ዝናብ የዘገየበት ነበር። አደን ጠፍቷል። ሚስቱ እመት ጅቢት ሁለት ልጆቿን ይዛ ዋሻ ውስጥ ትውላለች። አንድ ጠዋት ታገሠች፣ ታገሠችና፣

«አንተ የልጆች አባት» አለችው፣ «እነዚህ ልጆች ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የሚልሱት ያንኑ አንድ አጥንት ነው። አንተ ወጥተህ ትውላለህ፤ ስትመጣ ባዶ እጅህን ነው።»

«ዝም ብዬ የምውል መሰለሽ?» አለ ጅቦ ተቆጥቶ። «ሥጋ እየፈለግሁ ነው። ዘመኑ የመረጃ ነው እኮ።»

«ታዲያ አገኘህ?»

«በጣም ብዙ አይቻለሁ።»

«ያየኸውን ለልጆቹ እንዴት አድርጌ ላጉርሳቸው?»

 ትንሿ ልጁ አጥንቷን ስትልስ ቆይታ ቀና ብላ አየችው። ጅቦም፣ «ዛሬስ ስልኩን ሳልነካ ሥጋ ይዤ እገባለሁ» ብሎ በልቡ ማለና ወጣ።

ለካ ቀኑ የእሱ ነበር። ከሸለቆው አፋፍ ሲደርስ አፍንጫው ቆመ። ወደ ታች ቢያይ፣ ሣር ፍለጋ የባዘነ አንድ ሰንጋ በሬ ገደል ገብቶ ከትልቁ ቋጥኝ ሥር ተዘርሯል። ገና ትኩስ ነው። ጥንብ አንሣ እንኳ አላየውም።

ጅቦ እየተንከባለለ ወረደ። አፉን ከፈተ። ጥርሱ ቆዳውን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው ሐሳብ መጣበት። እስከ ዛሬ የሌላውን ሥጋ ሲያይ ኖሯል፤ የእሱንስ ሥጋ ማን አይቶለታል? ያ በየቀኑ በቪዲዮ የሥጋ ጭን እያነሣ የሚያሳየው የቆላ ጅብ ዛሬ ይህን ቢያይ ምን ይውጠው ይሆን?

«አንዲት ፎቶ ብቻ» አለ።

አነሣት። «አጋም ሸለቆ፣ ከትልቁ ቋጥኝ ሥር፣ በሬ ከነነፍሱ ሊባል ምንም ያልቀረው። ብቻዬን ነኝ» ብሎ ጽፎ ለጠፋት። ከዚያም ሊበላ ጎንበስ ሲል ስልኩ ጮኸ። አሥራ ሁለት ላይክ። እንደገና ጎንበስ አለ፤ እንደገና ጮኸ። አርባ። አፉ ይከፈታል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ አፉ ይዘጋል፣ ዓይኑ ያነባል። እንዲህ እያለ ቆዳውን ሳይበሳ ረጅም ጊዜ ቆየ።

በዚህ መሐል አቶ ቀበሮ ከቋጥኙ ጀርባ ብቅ አለ።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ ጅቦ። ፎቶዎን አይቼ መጣሁ» አለ እጅ እየነሣ። «ግን ቢቆጡም እውነቱን ልንገርዎ፤ አዘንኩ።»

«ምን ሆነህ?»

«እንዲህ ያለ በሬ፣ እንዲህ ያለ ጌታ፣ ፎቶው ግን ጨለማ። ጅራትዎ እንኳ ተቆርጧል። ደግሞ አንዳንዱ ምን ይላል፣ ‹በሬው የሱ አይደለም፤ ሌላ ካነሣው ፎቶ ላይ የወሰደው ነው› ይላል።»

የጅቦ ደም ፈላ። «ማነው እንዲህ ያለው?»

«ስሙ ምን ያደርግልዎታል? ቪዲዮ ይቀረጹና አፉን ያስይዙት። ስልኩን ለኔ ይስጡኝ፣ እኔ እቀርጽዎታለሁ። እርስዎ እዚያች ድንጋይ ላይ ይውጡና ፊትዎን ወደ እኔ ያድርጉ። በሬው ከኋላዎ ይታያል።»

ጅቦ ስልኩን ሰጥቶ ድንጋዩ ላይ ወጣ፤ ደረቱን ነፋ።

«የተከበራችሁ ተከታዮቼ» ብሎ ጀመረ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ትንሽ ሳቅ ይበሉ» አለ ቀበሮ። «እንደገና ከመጀመሪያው።»

«የተከበራችሁ ተከታዮቼ፣ ይህ ከኋላዬ የምታዩት በሬ...»

«ጎሽ፣ ይቀጥሉ።»

ጅቦ ቀጠለ። እንዴት እንዳሸተተው፣ እንዴት እንደወረደ፣ አያቱ ምን ያህል ኃይለኛ አዳኝ እንደነበሩ ተናገረ። ንግግሩ እየጣፈጠው ሄደ። መጀመሪያ ከኋላው የክንፍ ድምፅ ሰማ። ቀጥሎ የብዙ እግር ኮቴ። ቀጥሎ የሚቀደድ ነገር፣ የሚሰበር ነገር፣ የሚታኘክ ነገር።

«ከኋላዬ ኮሽታ እሰማለሁ» አለ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«አድናቂዎችዎ ናቸው። እንዳይዞሩ፣ ቪዲዮው ይበላሻል።»

አንድ ሁለት ጊዜ እንኳ ስሙን የሚጠራ ድምፅ ሰምቶ ነበር። እሱ ግን «ጸጥ በሉ፣ እየተቀረጸ ነው» ብሎ ንግግሩን ቀጠለ።

በመጨረሻ ቀበሮ ስልኩን መለሰለት። «እጅግ ያማረ ነው፤ ለጥፌዋለሁ» አለና ፈጠን ፈጠን ብሎ ሄደ፤ ሚስቱ የበሬውን ጉበት ይዛ ከቁጥቋጦው ጀርባ ትጠብቀው ነበር። ጅቦ ዞር አለ። የበሬው ቦታ ላይ የተረገጠ ሣርና አንድ ቀንድ ተጋድመዋል። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ለዘገየውም የደረሰው ያው ቀንድ ሆነ።

ጅቦ ቀንዱን በአፉ ነክሶ ወደ ቤቱ አዘገመ። መንገድ ላይ፣ ከገደሉ ማዶ ባለችው ምንጭ፣ እመት አህያ ከውርንጭላዋ ጋር ተረጋግታ ውሃ ስትጠጣ አያት። ወደዚያ የሚያሻግር መንገድ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ቀንዱን አስቀምጦ፣

«እመት አህያ፣ በጠራራ ፀሐይ ያለ ስጋት ውሃ መጠጣት የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው?» አላት።

«እርስዎ ስልክ ከያዙ ወዲህ ነዋ፣ አያ ጅቦ» አለች አፏን ከውሃው አንሥታ። «ያሉበትን በየቀኑ ይጽፋሉ። ስልኬን እከፍትና ‹አጋም ሸለቆ ነኝ› ሲሉ አነባለሁ። ከዚያ እዘጋውና በዚህ በኩል እወርዳለሁ። ይቺ ልጅ በጥጋብ አደገችልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

ጅቦ ይህን ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። «ስልኩ ላይ ምን ያህል ትቆያለሽ?»

«አንድ ጉርሻ ሣር አላምጬ እስክውጥ። የፈለግሁትን ካገኘሁ ምን ልሠራ እቀመጣለሁ?»

«ግን አንድ ቀን እንኳ ላይክ አድርገሽኝ አታውቂም» አለ ጅቦ፣ ቅር ብሎት።

«ምነው፣ ያለሁበትን ላሳውቅዎ?» አለችና ውርንጭላዋን አስቀድማ ዳገቱን ወጣች።

ከዋሻው ሲደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ለሚስቱ የሚነግራትን ውሸት ደጋግሞ ቢያጠናም ውስጥ ገብቶ ልጆቹን ሲያይ ውሸቱ ጠፋበት። ሁለቱም ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ በጀርባቸው ተዘርረው ያንኮራፋሉ። እመት ጅቢት መዳፏን ትልሳለች።

«ምን አመጣህ?» አለችው።

«ቀንድ።»

«ደህና፣ ሲነሡ ይጫወቱበታል።»

«በልተዋል እንዴ? ከየት?»

«ከበሬው ነዋ። አጋም ሸለቆ፣ ከትልቁ ቋጥኝ ሥር ብለህ ጽፈህ የለ? ስልክ ያለህ አንተ ብቻ መሰለህ? ልጆቹን ይዤ ሮጥኩ።»

«ታዲያ እኔን አትጠሪኝም ነበር?»

«ሁለት ጊዜ ጠራሁህ። ጸጥ በሉ አልከን። ልጆቹ ርቧቸው ነበር፤ ንግግርህ እስኪያልቅ ልጠብቅ እንዴ?»

ጅቦ ጥግ ይዞ ተቀመጠና ቪዲዮውን ከፈተው። ሦስት ሺህ አውሬ አይቶታል። ከፊት እሱ ደረቱን ነፍቶ ስለ አያቱ ይናገራል። ከኋላው ጥንብ አንሣው፣ የቀበሮ ቤተ ዘመድ፣ የማያውቃቸው ጅቦች ይሻማሉ፤ መሐል ላይ ትንሿ ልጁ የበሬውን ጅራት ነክሳ ወደ ኋላ ትጎትታለች። እንዲህ ስትበላ አይቷት አያውቅም። ከሥር በኮሜንቱ ሁሉም ይስቃል፤ አንድ የሩቅ አገር ጅብ ብቻ የምሩን፣ «ጌታዬ፣ ሥጋው እንዴት ነበር?» ብሎ ጠይቋል።

ጅቦ ሊመልስለት ጣቱን አነሣ። ሥጋውን ግን አልቀመሰውም ነበር። ስልኩን በፊቱ ደፋና ቀንዱን ማላመጥ ጀመረ።

ከዚህ የምንማረው፣ ኢንተርኔት የሚፈልገውን አውቆ ለሚገባና ሲያገኝ ለሚወጣ መንገድ እንደሚያሳይ፣ ለመታየት ብቻ ለሚገባ ግን አፉ የደረሰውን ጉርሻ እንኳ እንደሚያስነጥቅ ነው።