የሉቺያ ቀኝ ትከሻ

በአንድ ወቅት፣ ባቡር ድሬዳዋን በፉጨቱ በሚቀሰቅስበት ዘመን፣ ሦስት ሴቶች ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ። ሦስቱም ካቶሊኮች፣ ሦስቱም የማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ የተማሩ ነበሩ። ከተማው ግን «ምጽዋት አዳዮቹ» እያለ ይጠራቸው ነበር።

«ባለሙያ ነን» አለች አጋታ። «ሐኪም ደንብ አለው። ለእኛም ይኑረን።»

«ሁሉ ነገር በደንብ ከታሰረ የሚያለቅሰውን ማን ያቅፈዋል?» አለች ፊሎሜና።

«አንቺ አለሽልን» አለች ለምለም። «ደንቡን እኛ እንጠብቅ፤ አንቺ እቀፊ።»

ሳቁ። ፊሎሜናን ሊቀመንበር አደረጉ፤ ሁለት ደንብም አወጡ። የምንረዳውን ሰው ቤታችን ወስደን አናኖርም። ያመነንን ሰው ምሥጢር ከማኅበሩ ውጭ ለማንም አንናገርም። ከቤተ ክርስቲያንም አንድ ልማድ ወሰዱ፦ ልጅ ሜሮን ሲቀባ የክርስትና እናቱ ከኋላው ቆማ እጇን ቀኝ ትከሻው ላይ እንደምታሳርፍ፣ አዲስ አባል ሲገባም ለዚያ ቀን ያበቃው ሰው እንዲሁ ያደርጋል። አንድ ሰው ብቻ።

በዚያው ዓመት ባቡር ውስጥ የተኛች ሕፃን ተገኘች። የኔ ናት የሚል ጠፋ። ሉቺያ አሏት።

*

የሕፃናት ማሳደጊያው ሞልቶ ነበር። ፊሎሜና «እስከ ነገ ብቻ» ብላ ሕፃኗን ቤቷ ወሰደች። ያ ነገ ሳይመጣ ቀረ። ጓደኞቿ ደንቡን ሲያስታውሷት፣ «አውቀዋለሁ። ቀስ በሉ፣ ተኝታለች» አለቻቸው። ከሊቀመንበርነት አወረዷት። ቅር አላላትም፤ ብሏትም ከሆነ አልተናገረችም።

*

አጋታ በሐዲዱ ዳር ባሉት ከተሞች እየወረደች እናትየዋን ፈለገች፤ አዋሽ ላይ አገኘቻት። አስካለ ትባላለች፤ የሆቴል አንሶላ አጣቢ ናት።

«ያለሁበትን ለልጄ እንዳትነግሪያት» አለች አስካለ። «ባሌ ልጅ እንዳለኝ አያውቅም። ካወቀ ያባርረኛል።»

አጋታ ቃል ገባች።

ሉቺያ ነፍስ ስታውቅ ጠየቀቻት። «እትዬ አጋታ፣ እናቴ አለች?»

«አልመልስልሽም፣ ልጄ።»

ሉቺያ ጠላቻት። አጋታ በየፋሲካው ነጭ ክር ይዛ እየመጣች ከተረከዟ እስከ አናቷ ትለካት ነበር። ልጅቷ ለቀሚስ መስሏት ትጠብቃለች። ቀሚስ መጥቶ አያውቅም።

*

ለምለም ምሥጢሩን ታውቅ ነበር፤ ጉዳይ ሲከብዳት አጋታ የምታማክረው እሷን ነበርና። ሉቺያ ደግሞ ባቡር በገባ ቁጥር የጣቢያውን አጥር ተደግፋ የሚወርዱትን ሴቶች ፊት አንድ በአንድ ታያለች። ለምለም ይህን ለዓመታት አየች። አንድ ቀን አጠገቧ ሄዳ ቆመች።

«አዋሽ ውረጂ። ከሆቴሉ ጓሮ አንሶላ የምታሰጣዋን አስካለን ጠይቂ።»

በማግስቱ ያደረገችውን ለአጋታ ነግራ ከማኅበሩ ወጣች።

*

ሉቺያ ገመድ ላይ በተሰጡ አንሶላዎች መካከል አገኘቻት። አስካለ አላቀፈቻትም። ከመቀነቷ የተጠቀለሉ ነጭ ክሮች አወጣች፤ ረጅሙን መዝዛ ከልጅቷ አናት ቁልቁል ለቀቀችው። ጫፉ መሬት አልነካም።

«ከፋሲካ ወዲህ አድገሻል» አለች። ቀጥላም፣ «አሁን ሂጂልኝ።»

ሌላ ጊዜ ስትመለስ አንሶላውን የምታሰጣው ሌላ ሴት ነበረች። ጎረቤት አይቶ፣ ባል ሰምቶ፣ አስካለ ተባራለች። ባቡር ስትሳፈር ያዩ አሉ፤ ወደ ጅቡቲ ይሁን ወደ አዲስ አበባ ግን ልብ ያለ የለም።

*

ሉቺያ ያንኑ ሙያ ተማረች። ማኅበሩ በሚቀበላት ቀን መሠዊያው ፊት ቆመች።

«ከኋላሽ ማን ይቁም?» አሏት ቄሱ።

ሦስቱን ሴቶች በየተራ አየች። የቀኝ ትከሻዋ ባዶነት ታወቃት።

«አሳድጌ እዚህ ያደረስኳት እኔ ነኝ» አለች ፊሎሜና።

«እናቷ ከእኔ በቀር ያመነችው ሰው አልነበረም» አለች አጋታ። ጣቷ ላይ ነጭ ክር ተጠምጥሟል፤ አሁን የምትወስድለት ሰው የለም።

«እኔ ባልናገር ያንን ፊት አታየውም ነበር» አለች ለምለም፣ ከበሩ ሳትገባ።

«አንቺ ባትናገሪ ያ ፊት ዛሬም አዋሽ ነበረ» አለች አጋታ።

ውጭ ባቡር አፏጨ። ሉቺያ እንደ ልማዷ ዞር አለች።

እንግዲህ ፍረዱ፤ ቄሱ እየጠበቁ ነው። እጇን በዚያች ትከሻ ላይ ማሳረፍ የሚገባት የትኛዋ ናት? ቤት የሰጠቻት፣ ክሩን ያመላለሰችው፣ ወይስ የምትወርድበትን ጣቢያ ያሳየቻት?