የዘር ገብሱ ያለቀበት ፋሲካ

ዛሬ ሰው ይህችን ተረት የሚወረውራት ለማሾፍ ነው፤ ያለፈ ምቾቷን ባልረሳች ሴት ላይ፣ ከሹመቱ መሻሩን ባላመነ ሰው ላይ። መጀመሪያ የተነገረችው ግን ለማሾፍ አልነበረም። ከቤቷ ልትባረር ለነበረች አንዲት ሙሽራ ጥብቅና ለመቆም ነው።

ነገሩ የሆነው ቡልጋ ውስጥ፣ በወይዘሮ ጌጤነሽ ቤት ነው። ወይዘሮ ጌጤነሽ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከአንድ ልጃቸው ከደምሴ ጋር የሚኖሩ ሴት ነበሩ። በዚያ ዓመት ሁዳዴን ሳያጓድሉ ጾሙ፤ ስቅለት ዕለት ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ሰገዱ፤ ቅዳሜንም አክፍለው ዋሉ። ይህ ሳያንስ የደምሴ ሰርግ በፋሲካ ማግስት ሆነና ድግሱን በዚያው በተሰበረ ወገባቸው ደገሱ። ሰርገኛው ሲበተን ከእንቅልፍ በቀር የሚመኙት ነገር አልነበረም።

ሙሽራዋ አጸደ ግን መጠየቅ ትወዳለች። እናቷ በጨቅላነቷ ሞታባት፣ ከጨው ነጋዴ አባቷ ጋር ከገበያ ገበያ ስትንከራተት ያደገች ናት፤ ፋሲካን እንደ ሰው ቤት ውስጥ ውላ አታውቅም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ግራ ይገባታል። ሰው ቄጤማ ራሱ ላይ የሚያስረው ለምንድን ነው? ዶሮዋስ ለምን የግድ አሥራ ሁለት ቦታ ትበለታለች? አማች አማቱ ቤት ሙክት እየጎተተ የሚመጣው ምን በድሎ ነው? ረቡዕ ዕለት ሥጋ ሲቀርብ ደግሞ ጭራሽ ደነገጠች።

"እማማ፣ ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ?"

"ፋሲካ ነዋ፣ ልጄ" አሉ ወይዘሮ ጌጤነሽ፣ መደቡ ላይ ጋደም እንዳሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ቢነግሯት ያውቁታል። ቄጤማው የኖኅ ርግብ ያመጣችው የምሥራች ምሳሌ መሆኑን፣ ከፋሲካ በኋላ እስከ በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾም፣ ሁሉንም ያውቁታል። ግን ደከማቸው። "ፋሲካ ነው" ማለት ይቀላል። ጎረቤት ሲመጣ ጠላ ልቅዳ ወይ ብትላቸው ፋሲካ ነው፤ መንገደኛ ሲያልፍ ልጥራው ወይ ብትላቸው ፋሲካ ነው። ጠላው አልቆ እንደገና ልጥመቅ ስትላቸውም መልሱ ያው ነበር። ከየትኛው ገብስ ብላ ጠየቀች። ካለው አሏትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እንዲህ እየተባለ ፋሲካው ከረመ። ደምሴ ከማሳው የሚመለሰው እየመሸ ስለነበር የጎታውን ነገር ልብ አላለም። ለቤተ ክርስቲያን ሃምሳ ቀን ፋሲካ ነው፤ ጎታ ግን ያን ያህል አይችልም። ጰራቅሊጦስ አልፎ የሰኔ ጾም ሲገባ፣ ደምሴ ማሳውን አለስልሶ ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ ሊያወጣ ጎታው ውስጥ እጁን ሰደደ። መዳፉ ጭቃውን ነካ። ገብሱ እየተጠመቀ አላፊ አግዳሚው ጠጥቶታል።

ደምሴ ሚስት ሳይሆን አንበጣ ነው ያገባሁት አለ። ወዲያው በቅሎዋን ጭኖ አጸደን ወደ አባቷ ሊመልሳት ተነሣ። ጎረቤት ሮጦ የነፍስ አባታቸውን አባ ኪሮስን ጠራ።

አባ ኪሮስ መደቡ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ልጅቷን፣ የዘር ገብስ መሆኑን አታውቂም ነበር ወይ ብለው ጠየቋት።

"አላውቅም፣ አባ። እማማን ስጠይቃቸው ፋሲካ ነው ይሉኛል። ፋሲካ አለቀ ያለኝ ሰው የለም።"

ወይዘሮ ጌጤነሽ ዝም ቢሉ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። ነገር ግን ከሰርጉ ጀምሮ ማታ ማታ ውሃ አሙቃ እግራቸውን ስታጥብ የከረመችው ይህችው ልጅ ናት። አንጀታቸው አልቻለም።

"እውነቷን ነው" አሉ። "ከየትኛው ገብስ ብላኛለች። ካለው ያልኳት እኔ ነኝ። መናገር ታክቶኝ ነው፣ አባ።"

የደምሴ ንዴት ግን አልበረደም። እናቴስ ይድከማት፣ ግን ጰራቅሊጦስ እስኪያልፍ ድረስ በየቀኑ ድግስ አለ ብሎ የሚያምን ምን ዓይነት ሰው ነው አለ።

አባ ኪሮስ ቀስ ብለው ተነሡ።

"ዘር ይበደሩታል፤ ከእኔ ጎታ ትወስዳለህ። ሚስት ግን ከጎረቤት አትበደርም። ኮርቻውን አውርድ፣ ልጄ፤ ይህች ልጅ ደጅህን ከረገጠች ጀምሮ ያየችው የድግስ ቀን ብቻ ነው፤ ምን ታድርግ፣ በፋሲካ የተዳረች ሁልጊዜ ፋሲካ ይመስላታል።"