በጀማ ዳገት ውሃ የጠማት መኪና

መኪና የምትነዳ አንባቢዬ፣ የሞተርህን ሙቀት የሚያሳየውን ቀስት ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው? ነዳጅህን ታያለህ፤ መልክህንም በመስታወቱ ታያለህ። ቀስቱን ካላየኸው ግን ቁጭ በልና ስማኝ።

ይርዳው የሚባል ሹፌር ነበር፤ አንዲት ያረጀች ሰማያዊ መኪና ነበረችው። ዳገት ላይ ቀስቱ ከመሃል አልፎ ወደ ቀዩ ሲጠጋ ተሳፋሪው ይጨነቃል፤ ይርዳው ደግሞ ቆሞ ሞተር ማብረድ ይሰለቸዋል። ስለዚህ ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያወጣውን የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል ገዝቶ ቀስቱ ላይ ለጠፈበት። ከዚያ ወዲያ የተጨነቀ የለም። ብዙ መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ የሚፈራውን ነገር በቅዱስ ነገር የማይሸፍን ሕዝብ ገና አላገኘሁም።

አንድ ቀን ማንያህልሻል የምትባል ሴት ምጥ የያዛትን ልጇን ጥሩወርቅን ከጀማ ወንዝ ዳር በዚህች መኪና አሳፈረች። ሕፃኑ በእግሩ መጥቶ አዋላጆቹ አልቻሉም፤ ጤና ጣቢያው ያለው ከዳገቱ ራስ ላይ ነው። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ መኪናዋ ነጭ እንፋሎት ተፍታ ቆመች። ቀትር ነበር፤ ደህና ሰው ገደል ለገደል የማይሄድበት ሰዓት። ወፍ አይጮህም፤ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ይርዳው የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት እጁን ሲሰድ ማንያህልሻል መታችው። የሚፈላ ድስት ፊትህ ላይ ትገለብጣለህ ወይ ብላ ተቆጣችው።

ከዚያ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብላ መኪናዋን ለመነቻት። ዳገት ካልወጣሽ ልጄ አትተርፍም አለቻት። ከኮፈኑ ሥር የታፈነ ድምፅ መለሰላት፤ ውሃ ካልጠጣሁ ዳገት አልወጣም አለ። ይርዳው ድምፁን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

ማንያህልሻል ጣሳ ይዛ ከመንገዱ በታች ወዳለው ምንጭ ወረደች። ምንጭ ሆይ፣ ፍለቅልኝ አለች። መኪና ካልጠጣች ዳገት አትወጣም፤ ዳገት ካልወጣች ልጄ አትተርፍም። ምንጩ ከመሬት ውስጥ አጉረመረመ፤ አፌ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ካልተነሳ አልፈልቅም አለ።

ድንጋይ ሆይ፣ ተነሥልኝ አለች። ምንጭ ካልፈለቀ መኪና አትጠጣም፤ መኪና ካልጠጣች ዳገት አትወጣም፤ ዳገት ካልወጣች ልጄ አትተርፍም። ድንጋዩ ሳይንቀሳቀስ ተናገረ። ገደሉ ሥር ያለው ብረት መጥቶ ካልፈነቀለኝ አልነሳም አለ።

ገደሉ ሥር የዛገ የጭነት መኪና ተገልብጦ ኖሯል፤ ከጎኑም ረጅም ብረት ወጥቷል። ብረት ሆይ፣ ናልኝ አለች። ድንጋይ ካልተነሳ ምንጭ አይፈልቅም፤ ምንጭ ካልፈለቀ መኪና አትጠጣም፤ መኪና ካልጠጣች ዳገት አትወጣም፤ ዳገት ካልወጣች ልጄ አትተርፍም። ብረቱም፣ የያዘኝ እጅ ካልለቀቀኝ አልመጣም አለ።

እውነትም የያዘው እጅ አለ። ከመሪው ኋላ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ተቀምጧል፤ ዝንብ አያርፍበትም፤ ጥላ የለውም። ማንያህልሻል ፊቱን ለማየት አልደፈረችም፤ ከጀርባው ቆማ ለመነችው። ወንድሜ፣ እጅህን ልቀቅ አለች። ብረት ካልመጣ ድንጋይ አይነሳም፤ ድንጋይ ካልተነሳ ምንጭ አይፈልቅም፤ ምንጭ ካልፈለቀ መኪና አትጠጣም፤ መኪና ካልጠጣች ዳገት አትወጣም፤ ዳገት ካልወጣች ልጄ አትተርፍም።

ሙቱ ሳይዞር፣ “ሞተሬ ግሎ ጠፋ፤ ወደ ኋላ ተንከባለልኩ። እኔም ቀስቴን ሸፍኜው ነበር” አለ። “አንድ ቀስት ገልጠሽ ካላሳየሽኝ እጄን አልለቅም።”

ዳገቱን ተመልሳ ወጣችና በመኪናዋ መስኮት አንገቷን አስገባች። ቀስት ሆይ፣ ታይልኝ አለች። ሙት ካልለቀቀ ብረት አይመጣም፤ ብረት ካልመጣ ድንጋይ አይነሳም፤ ድንጋይ ካልተነሳ ምንጭ አይፈልቅም፤ ምንጭ ካልፈለቀ መኪና አትጠጣም፤ መኪና ካልጠጣች ዳገት አትወጣም፤ ዳገት ካልወጣች ልጄ አትተርፍም። ከሥዕሉ ሥር እንደ ትንኝ የቀጠነ ድምፅ ወጣ፤ ሥዕሉ ካልተነሳ አልታይም አለ።

አንተ ይርዳው፣ ሥዕሉን አንሳ አለችው። ቀስት ካልታየ ሙት አይለቅም፤ ሙት ካልለቀቀ ብረት አይመጣም፤ ብረት ካልመጣ ድንጋይ አይነሳም፤ ድንጋይ ካልተነሳ ምንጭ አይፈልቅም፤ ምንጭ ካልፈለቀ መኪና አትጠጣም፤ መኪና ካልጠጣች ዳገት አትወጣም፤ ዳገት ካልወጣች ልጄ አትተርፍም።

“እማማ፣ እኔ መልአክ በጥፍሬ አልልጥም፤ ይቀስፈኛል” አላት። “እስከ ዛሬ ያደረሰን ማን ሆነና?”

ከኋላ ወንበር ጥሩወርቅ ማቃሰቷን ተወች። ይሄ ከማቃሰት ይከፋል።

ማንያህልሻል ወደ ሥዕሉ ዞረች። ሰንሰለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ልትቆጥርለት አፏን ስትከፍት መልአኩ ቀደማት።

“ከዚህ አንሺኝ” አለ። “እኔንም አቃጥሎኛል።”

ላጠችው። ጀርባው ጠቁሮ ነበር። ሳመችውና የልጇ ሆድ ላይ አኖረችው። ሥዕሉ ሲነሳ ቀስቱ ታየ፤ ቀዩ ላይ ተጋድሟል። ቀስቱ ሲታይ ሙቱ ከገደሉ ሥር ባርኔጣውን አወለቀና እጁን ለቀቀ። ሙቱ ሲለቅ ብረቱ በዳገቱ ላይ እየተሳበ መጣ፤ ብረቱ ሲመጣ ድንጋዩ ተነሳ፤ ድንጋዩ ሲነሳ ምንጩ ፈለቀ፤ ምንጩ ሲፈልቅ ጣሳው ሞላ።

ወርዳ ጣሳውን አመጣች፤ ውሃውን ግን ወዲያው አላፈሰሰችም፤ በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢወርድ ሞተሩ ይሰነጠቃል። ልጇ ዝም ባለችበት፣ ክዳኑ ለእጅ እስኪያስችል ቆማ ጠበቀች። ያን መጠበቅ ለጠላቴም አልመኝም። ከዚያ ክዳኑን በጨርቅ ይዛ ቀስ አድርጋ ፈታችው። ሞተሩ ተነሳ፤ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ወረደ፤ መኪናዋ ጠጣች። ይርዳው በከባድ ማርሽ ነዳ፤ የሞተሩ ግለት እንዲወጣም የውስጡን ማሞቂያ ከፈተው። ማንያህልሻል ዓይኗን ከቀስቱ አልነቀለችም። ከመሃል ባለፈ ቁጥር ቁም አለችው፤ ባለችው ቁጥር ቆመ። መኪናዋ ዳገቱን ወጣች። ጥሩወርቅ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ሁለቱም ተረፉ።

በክርስትናው ዕለት ይርዳው እንደ ወጉ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃፏ ተደፋ። ሽማግሌዎቹ ስለ ፈጣሪ ብለሽ ማሪው አሏት። ልጅሽ ተርፋለች፤ የልጅ ልጅ ታቅፈሻል፤ እሱም ሆነ በዚያ ቀን እንቢ ያለሽ ሁሉ በመጨረሻው እሺ ብሎሻል፤ ሁሉንም በአንድ ቃል ይቅር በይ አሏት።

ማንያህልሻል ሕፃኗን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች።

“ድንጋይህን አውርደህ ሂድ” አለችው። “ልጄ በምጥ ተይዛ ሁሉም ‘ካልሆነ’ እያለ አስለመነኝ፤ ማንንም ይቅር አልልም።”